ከልክ በላይ የሚሞቅ ቦይለር፦ ጥፋቱን እንዴት ማግኘት ይቻላል

ሙቅ ውሃው ከእንፋሎት ጋር እየተፋ ከወጣ መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ፣ ቧንቧውንም ዝጉ። እንፋሎቱ ከቆመ በኋላ ሙቁን ቀስ ብላችሁ ብትከፍቱት ቀዝቃዛ ውሃ እየገባ ታንኩን ያበርደዋል። ውሃ ጠፍቶ ከነበረ ግን አትንኩት፤ ባዶውን የጋለ ሊሆን ስለሚችል እስከ ማግስቱ ይቆይ።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል 94 ይደርሳል። የብዙ ቦይለሮች የአደጋ መቁረጫ (ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው) የሚሠራው ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። ስለዚህ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ትንሽ ቢያልፍ እንኳ እዚህ ውሃው ቧንቧ ላይ ሲደርስ እንፋሎት ይሆናል። ለደሴ ብርድ ብሎ የሙቀት መደወሪያውን ጥግ ድረስ ማዞር የተለመደ ነው፤ 60 ግን ይበቃል።

ውሃው ሞቅ ያለ ብቻ ሲሆን መደወሪያውን ዝቅተኛው ላይ አድርጋችሁ ብሬከሩን ለአንድ ደቂቃ አብሩና ቦይለሩ ላይ ያለውን የምልክት መብራት ተመልከቱ። ካልጠፋ፣ የቴርሞስታቱ መገናኛ ተጣብቋል ማለት ነው፤ ቮልቴጁ ሲዋዥቅና ሲቆራረጥ እየተቃጠለ ይበየዳል። መብራቱ ጠፍቶ ውሃው መሞቁን ከቀጠለ ጥርጣሬው ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ ላይ ነው፦ ውስጡ ተሰንጥቆ ኤሌክትሪኩ ወደ ታንኩ አካል ይፈስሳል፤ ፌዝና ኑል (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣውና የሚመልሰው ሽቦ) ተገላብጠው ከተገጠሙ ደግሞ ቴርሞስታቱ ቢቆርጥም ሙቀቱ አይቆምም። ይህኛው ሰው ይገድላል። ብሬከሩን አጥፍታችሁ ባለሙያ ጥሩ።

ሬዚስታንሱን በመልቲሜትር ለመለካት ብሬከሩን አጥፉ፣ ሶኬቱን ንቀሉ፣ የታችኛውን ክዳን ፍቱ፣ ሽቦ ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። የ1,500 ዋት ሬዚስታንስ በ220 ቮልት 32 ኦም ገደማ፣ የ2,000 ዋቱ 24 ኦም ገደማ ያነባል። ከሁለቱ ጫፎቹ ወደ ታንኩ ብረት ሲለካ ምንም ማንበብ የለበትም። ቴርሞስታት ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ የዘንጉ ርዝመት ካልተመሳሰለ ሙቀቱን በትክክል አያውቅም፣ አምፔሩ ካነሰ ደግሞ መገናኛው ይቃጠላል።

የአደጋ መቁረጫው ሠርቶ ከሆነ ቴርሞስታቱ ላይ ያለችውን ትንሽ የመመለሻ ቁልፍ አንዴ መጫን ይቻላል። ደግማ ከዘለለች አትመልሷት፤ ሥራዋን እየሠራች ነው።

እንደ ፈንዲሻ የሚፈነዳ ድምፅ ብቻ ካለና የውሃው ሙቀት ልክ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፦ ከውሃው ወጥቶ ሬዚስታንሱ ላይ የጋገረ ኖራ ነው። ታንኩን አፍስሳችሁ ሬዚስታንሱን አውጡና አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፉት፤ ከዚያ ውሃ እንዳያፈስ የሚዘጋውን ጎማ ቀይራችሁ ግጠሙ። ታንኩን ከዝገት የሚከላከለው የማግኒዚየም ዘንግ ተበልቶ ከሆነ አብሮ ይቀየር።

ከሁሉ የከፋው ግን ሴፍቲ ቫልቩን (ከልክ ያለፈ ግፊት የሚያስወጣውን) መድፈን ነው። ውሃ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ቫልቩ ጠብ ጠብ ማለቱ ጤናማ ነው፤ አንዳንዱ ግን ወለሉ ረጠበ ብሎ በቡሽ ይዘጋዋል። ቴርሞስታት በተጣበቀ ዕለት ያ ታንክ ቦምብ ነው። ከጠብታው ሥር ቱቦ ገጥማችሁ ወደ ፍሳሽ ምሩት፣ ማንሻውንም በወር አንዴ ከፍ አድርጋችሁ ውሃ መልቀቁን እዩ።

ሲገጠም መጀመሪያ ውሃው ይሙላ፤ ሙቁ ቧንቧ ያለ አየር ሲፈስ ብቻ ብሬከሩን አብሩ። 50 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 1,500 ዋት አንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። መብራቱ በዚያ ግድም ካልጠፋ፣ አጥፉና ወደ ቴርሞስታቱ ተመለሱ።