የልጃችሁ ገንፎ ላይ ዱባ ስትጨምሩ ቅባቱን አትርሱ

ልጃችሁ 6 ወር ሞልቶት ምግብ ከጀመረ፣ ገንፎው ላይ የተቀቀለ ዱባ፣ ካሮት ወይም ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ ስኳር ድንች ደፍጥጣችሁ ጨምሩበት። ትንሽ ዘይት ወይም ቅቤም ጠብ አድርጉበት፤ አትክልቶቹ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኤ ቅባት ከሌለ ወደ ሰውነት በደንብ አይገባም። ብዙ እናቶች አትክልቱን እየሰጡ ቅባቱን ሲተዉ በጣም ያሳዝነኛል። ነጩ ስኳር ድንች ቫይታሚን ኤ የለውም ማለት ይቻላል፣ ስትገዙ ጫፉን አስቆርጣችሁ ውስጡን እዩት።

ሲመሽ ዕቃ እየገጨ የሚሄድ፣ ፊቱ የተቀመጠለትን ምግብ በእጁ የሚዳስስ ልጅ ካለ ዳፍንት (በቫይታሚን ኤ እጥረት የሚመጣ፣ ሲመሽ ያለማየት ችግር) ሊሆን ስለሚችል ዛሬ ነገ ሳትሉ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች በየ6 ወሩ የሚሰጠው የቫይታሚን ኤ እንክብልም አያምልጣችሁ። ነፍሰ ጡር እህቶች ግን ይህን የልጆች እንክብል በራሳችሁ እንዳትወስዱ፤ መጠኑ ከፍተኛ ስለሆነ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል።