ፈቃድ ተይዞባቸው ባዶ የሚውሉ ፍሪኩዌንሲዎችን እንዴት እንለካ?

«ስፔክትረም (ለሬዲዮ ግንኙነት የሚውሉት ፍሪኩዌንሲዎች በሙሉ) አልቋል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ወረቀት ላይ ካያችሁት እውነት ይመስላል። አየሩን ስትለኩት ግን ፈቃድ ተሰጥቶበት ለቀናት አንድም ሲግናል የማይታይበት ቦታ ታገኛላችሁ። አዲስ አገልግሎት መጀመር የሚፈልግ ሰው «ቦታ የለም» እየተባለ ይህ ሁሉ ባዶ መቀመጡ ያናድዳል። እንለካው።

ውድ ዕቃ አያስፈልግም። አርቲኤል ኤስዲአር የሚባለው የዩኤስቢ ዶንግል (ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ትንሽ የሬዲዮ መቀበያ)፣ ሰፊ ባንድ፣ ማለትም ሰፊ የፍሪኩዌንሲ ክልል፣ የሚቀበል አንቴና (ዲስኮን የሚባለው ዓይነት ጥሩ ነው) እና ሌት ተቀን የሚሠራ ኮምፒውተር ይበቃል። በብዛት የሚገኘው ዶንግል ከ24 እስከ 1,766 ሜጋኸርዝ ገደማ ይቀበላል። በአንድ ጊዜ የሚያየው ግን 2.4 ሜጋኸርዝ ያህሉን ብቻ ነው። አንቴናውን ከፍ አድርጉት፣ ከቻርጀርና ከኤልኢዲ መብራትም አርቁት፤ እነሱም ይረብሻሉ።

መጀመሪያ አውቶማቲክ ጌይኑን (ሲግናሉን የሚያጎላበትን መጠን ራሱ የሚቀያይረውን) ዝጉና አንድ ቁጥር ላይ አቁሙት። ማጉያው ራሱን እየቀያየረ ከሆነ የዛሬው ልኬት ከነገው ጋር አይወዳደርም። ቀጥሎ አንቴናውን ነቅላችሁ በምትኩ 50 ኦም ተርሚኔተር (የአንቴናውን ቦታ የሚዘጋ፣ ሲግናል የማይቀበል ትንሽ መግጠሚያ) ግጠሙና ስካን አድርጉ። አሁን የምታዩዋቸው ሹል መስመሮች፣ በተለይ በ28.8 ሜጋኸርዝ ብዜቶች ላይ ያሉት፣ በአብዛኛው ከራሱ ከዶንግሉ የመጡ ናቸውና መዝግባችሁ ከውጤቱ አውጧቸው። አቅራቢያችሁ ኃይለኛ የኤፍኤም ጣቢያ ካለ ደግሞ የኤፍኤም ማጣሪያ ጨምሩ፤ አለዚያ በሌለበት ቦታ ሁሉ ብቅ እያለ ያሳስታችኋል።

አርቲኤል ፓወር የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የመረጣችሁትን ባንድ እየደጋገመ ይቃኛል፣ የኃይል መጠኑንም በሰንጠረዥ ያስቀምጣል። ሰፊ ባንድ ከሰጣችሁት ዶንግሉ ከቦታ ቦታ እየዘለለ ስለሆነ የሚያየው፣ ለሁለት ሰከንድ ብቻ የተናገረ የእጅ ሬዲዮ ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰፋ አድርጋችሁ ቃኙ፣ ከዚያ ባዶ የመሰላችሁን ቦታ ለይታችሁ ከ2.4 ሜጋኸርዝ በታች በሆነ ስፋት ያለ ዝላይ ተከታተሉት። ቢያንስ አንድ ሙሉ ሳምንት። የሥራ ቀንና የእረፍት ቀን አንድ አይደሉም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ሲግናል በሌለበት ጊዜ የሚታየውን የኖይዝ ወለል (ሁልጊዜ ያለውን የጀርባ ረብሻ መጠን) ያዙ፣ ከዚያ በላይ 10 ዴሲቤል (የኃይል ልዩነት መለኪያ) ገደማ ላይ መስመር አስምሩ፤ ከመስመሩ በላይ የሆነውን ሁሉ «ተይዟል» በሉት። በየ10 ሰከንዱ ከመዘገባችሁ በቀን 8,640 ናሙና አላችሁ። ከነዚህ 432ቱ ከመስመሩ በላይ ከሆኑ ቻናሉ 5 በመቶ ተይዟል ማለት ነው። መስመሩን ዝቅ ካደረጋችሁት ኖይዝ እንደ ሲግናል ይቆጠራል፣ ከፍ ካደረጋችሁት ደግሞ ደካማው ይጠፋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ነው፤ ባዶ መስሎ መታየትና ባዶ መሆን ይለያያሉ። የጂፒኤስ ሲግናል 1,575.42 ሜጋኸርዝ ላይ ሁልጊዜ አለ፣ ግን ከኖይዝ ወለል በታች ስለሆነ በዚህ ዘዴ አታዩትም። 1,420 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ አስትሮኖሚ ሰዎች የሚፈልጉት ራሱን ዝምታውን ነው። 121.5 ሜጋኸርዝ የአውሮፕላን የአደጋ ጥሪ ነው፤ ዝም ማለቱ ጤና ነው፣ ማንም ሊነካው አይገባም። የሞባይል ኔትወርክም አለላችሁ፦ ከማማው ወደ ስልክ የሚወርደው ጎልቶ ይታያል፣ ከስልክ ወደ ማማው የሚሄደው ግን ስልኩ ሩቅ ከሆነ ከእናንተ አንቴና አይደርስም፣ ማማው ግን በደንብ ይሰማዋል። ኮረብታ ወይም ሕንፃ የከለለባችሁ አስተላላፊም እንዲሁ ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ ለክታችሁ ስለ ከተማው ሁሉ አትናገሩ፤ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ከፍታ ላይ ድገሙት፣ ውጤቱንም ከፈቃድ ዝርዝሩ ጋር አስተያዩት።

የምትለኩት ኃይልን ብቻ ይሁን። የሰው ንግግር መፍታትና መቅዳት በብዙ አገር በሕግ ያስጠይቃል፣ ለዚህ ሥራም አያስፈልግም። ባዶ ያገኛችሁት ላይ ማስተላለፍም ያለ ፈቃድ አይቻልም። መፍትሔው በሥርዓት መጋራት ነው። አሜሪካ ውስጥ የባሕር ኃይል ራዳር የሚጠቀምበት ከ3,550 እስከ 3,700 ሜጋኸርዝ ያለው ባንድ እንዲህ ነው የሚሠራው፦ በባሕር ዳርቻ የተተከሉ ሴንሰሮች ራዳሩን ሲሰሙ ሌሎቹ ቦታውን ይለቃሉ።

ውጤታችሁን ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ስታቀርቡ የለካችሁበትን ቦታ፣ የአንቴናውን ዓይነትና ከፍታ፣ ጌይኑን፣ ቀኖቹን እና ያሰመራችሁትን መስመር ጻፉ። ጥሬ ዳታውንም አያይዙ፣ የሚጠራጠር ሰው ራሱ ደግሞ ያስላው።