ጆሮው እየሰማ ሳለ፦ ለወንድሜ ኦፕራሲዮን የተዘጋጀንበት መንገድ

ወንድሜ በቤተሰብ ጥሪ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ የገባው በ22 ዓመቱ ነው። ስልክ የሚያወራው ሁልጊዜ በቀኝ ጆሮው ነበር። ልማድ መስሎኝ ዝም አልኩ። ኤምአርአይ ሲነሳ በሁለቱም ጆሮዎቹ ነርቭ ላይ ዕጢ ተገኘ፤ በግራ 13 ሚሊ ሜትር፣ በቀኝ 6።

በሽታው ኤንኤፍ 2 ይባላል። ካንሰር አይደለም። ክሮሞዞም 22 ላይ ያለ ዘረ መል ሲበላሽ የሚመጣ ነው። አንዱ ወላጅ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። አባታችን በ38 ዓመቱ መስማት አቆመ። በጨለማ ሲሄድ ይንገዳገድ ስለነበር የሰፈሩ ሰው ሰካራም ይለው ነበር። መጠጥ ግን በአፉ ዞሮ አያውቅም። ስለዚህ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ታሪክ ካለ አትደብቁት፣ ለሐኪሙ ንገሩት። እኔም የደም ምርመራ አድርጌ ነጻ መሆኔን አወቅኩ።

መጀመሪያ ያየው ሐኪም «አሁን ትሰማለህ፤ ሲብስብህ ትመጣለህ» ብሎ ሸኘው። ይህን ምክር ብንሰማ ኖሮ ጊዜው ያልፍ ነበር። ኦፕራሲዮን ያለውን መስማት ለማትረፍ ይሞክራል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። ዕድሉ የሚሻለው ዕጢው ትንሽ፣ ብዙውን ጊዜ ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ሆኖ፣ ጆሮውም ገና ደህና ሲሰማ ነው። ሁሉም ሰው ቶሎ ይቀደድ እያልኩ አይደለም። ለዓመታት የማያድግ ዕጢ አለ፤ እየተከታተሉ መጠበቅም ሕክምና ነው። ግን ጥያቄውን ጆሮ ደህና ሳለ ጠይቁ።

አሁን በጣም ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ፤ የቃላት ምርመራው። የመስማት ምርመራ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ጡጥ የሚል ድምፅ ሲሰሙ ቁልፍ መጫን ነው፤ በዴሲቤል ይለካል። ሌላው በጆሮ ማዳመጫ የሚመጡ አጫጭር ቃላትን መድገም ነው፤ በመቶኛ ይሰጣል። ቃላቱ እንግሊዝኛ ናቸው! ወንድሜ ከመጣ ገና አምስት ወሩ ነበር። ግራው 52 በመቶ አመጣ። ብዙ ሐኪሞች ከ50 በመቶ በታች የወረደን ጆሮ «ለማትረፍ የሚሆን አይደለም» ይላሉ። ጫፍ ላይ ነበርን። እኔ ወረቀቱን ሳየው ቀኙም 72 ብቻ ነው፤ በጡጥታው ግን ቀኙ ፍጹም ጤነኛ ነበር። ስለዚህ የጎደለው ጆሮው ብቻ ሳይሆን እንግሊዝኛውም ሊሆን ይችላል። ይህን ለባለሙያዋ ስነግራት ወዲያው ገባት። የአፍ መፍቻ ቋንቋው አማርኛ መሆኑን መዝገቡ ላይ ጻፈች፤ የነርቩን ምላሽ በኤሌክትሮድ የሚለካውን ምርመራም ጨመረችለት። ያኛው ቋንቋ አይጠይቅም። እናንተም አስተርጓሚ አስጠሩ፤ ሁለቱን ጆሮዎች አወዳድራችሁ አሳዩ።

ቀዶ ሐኪም ስትመርጡ «የጆሮ ነርቭ ዕጢ ስንት ሠርተሃል» ብቻ አትበሉ። «ኤንኤፍ 2 ያለባቸውን ስንት? ከእነሱ ስንቱ መስማቱ ተረፈ?» በሉ። የኤንኤፍ 2 ዕጢ ብዙ ጊዜ በነርቩ ክሮች መሃል ስለሚገባ ከተለመደው ይከብዳል። በየት በኩል እንደሚገቡም ጠይቁ። ከጆሮ በላይ ያለውን አጥንት ከፍቶ መግባት አለ፤ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዶክተር ዊልያም ሃውስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያዳበረው መንገድ ነው። ከጆሮ ጀርባ መግባትም አለ። ሁለቱም መስማትን ሊያተርፉ ይችላሉ። በውስጠኛው ጆሮ አጥንት አልፎ የሚገባው ግን የዚያን ጆሮ መስማት ያጠፋል።

ለኔ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነበር፦ «በኦፕራሲዮኑ መሃል የነርቩ ምልክት ሲደክም ካያችሁ፣ ቀሪውን ትታችሁ ትወጣላችሁ?» ሐኪሙ አዎ አለ። ነርቩን የሚከታተል ባለሙያም ክፍሉ ውስጥ እንደሚቀመጥ ነገረን። አንዳንዴ ዕጢውን ሳይነኩ አጥንቱን ብቻ ከፍተው ለነርቩ ቦታ በመስጠት ጊዜ መግዛትም ይቻላል። መስማቱ ቢጠፋ እንኳ ነርቩ ከተረፈ ኮክሌር ኢምፕላንት (በውስጠኛው ጆሮ የሚተከል የመስሚያ መሣሪያ) የመሞከር ዕድል ይኖራል፤ ስለዚህ «ነርቩን ትተዉልናላችሁ?» ማለት አትርሱ። አንድ ጆሮ ብቻ የቀረው ሰው ከሆነ ደግሞ በጣም ይጠንቀቅ፤ በደም ስር ስለሚሰጠው ቤቫሲዙማብ ስለተባለው መድኃኒትም ይጠይቅ። የአንዳንዱን ሰው ዕጢ አሳንሶ መስማቱን አሻሽሏል።

ጥሩ እጅም ቢሆን ዋስትና አይሰጥም። ወደ ውስጠኛው ጆሮ የምትሄደው የደም ሥር ቀጭን ናት፤ እሷ ከተጎዳች ነርቩ ሙሉ ሆኖም መስማት ይጠፋል። ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭም እዚያው አጠገብ ነው። ወንድሜ ግራው ኦፕራሲዮን ከተደረገ በኋላ ለሦስት ሳምንት የግራ ዓይኑ አልከደን አለው። ቀን ጠብታ፣ ማታ ቅባት እናደርግለት ነበር። አልጋው አጠገብ የሚደገፈው ሰው አቁሙ፤ ማዞሩ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከባድ ነው።

በስድስተኛው ሳምንት ተለካ። ለመስማት የሚያስፈልገው ድምፅ ከ30 ዴሲቤል ወደ 45 ከፍ ብሏል፤ ማለትም መስማቱ ቀንሷል፤ ግን ይሰማል። እናቴ ከደብረ ብርሃን ስትደውል ስልኩን በግራው ያዘው። «እማዬ፣ በግራዬ ነው የምሰማሽ» አላት።

የቀኙ ዕጢ አሁንም አለ። በየስድስት ወሩ ኤምአርአይ ይነሳል። ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ሁለታችንም የምልክት ቋንቋ እንማራለን፤ አሁን እየሰማ ሳለ መልመዱ ይቀለዋል።