ያገለገለ የእንጨት ሥራ ማሽን ተገቢ ዋጋ እንዴት ይገመታል?

ያገለገለ የእንጨት ሥራ ማሽን ሊገዛ የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ድርድሩን የሚጀምረው ሻጩ ከጠራው ዋጋ ነው። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ክርክር ሁሉ በዚያው ቁጥር ዙሪያ ይሆናል፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። ገዢው ማሽኑን ከማየቱ በፊት የራሱን ስሌት መጀመር አለበት። ለምሳሌነት የምወስደው መሰንጠቂያውን፣ መላጊያውንና መብሻውን በአንድ አካል ላይ የያዘውን፣ በየእንጨት ቤቱ ኮምባይን የሚባለውን ማሽን ነው።

የመጀመሪያው ሥራ በመጠንና በጉልበት ተመሳሳይ የሆነ አዲስ ማሽን ዛሬ ስንት እንደሚሸጥ ከሁለት ወይም ከሦስት ነጋዴዎች መጠየቅ ነው። የብር የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ፣ ሻጩ ከዚያ በፊት የገዛበት ደረሰኝ መመዘኛ ሊሆን አይችልም። በዚያን ጊዜው ዋጋ ይሽጥልኝ ማለት ሻጩን መበደል ነው። የተነገረዎት ዋጋ 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስ የሚያካትት መሆን አለመሆኑንም ያረጋግጡ። ንጽጽሩ በዓይነትም እኩል መሆን አለበት፤ ጠረጴዛው ከወፍራም ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ከፈሰሰ ብረት) የተሠራ የአውሮፓ ማሽን ከስስ ላሜራ ከተሠራ ቀላል ማሽን ጋር አይወዳደርም።

ከአዲሱ ዋጋ ስንት ይቀነስ ለሚለው ጥያቄ በሁሉም ዘንድ የጸና ሕግ የለም። እኔ አካሉ ጤናማ ለሆነ ከባድ ማሽን ከአዲሱ ዋጋ ከ50 እስከ 60 በመቶ ያለውን መነሻ አደርጋለሁ፤ ለቀላሉ ማሽን ከዚህ በታች እወርዳለሁ። ምክንያቱም ከባድ ጊዛ በአገልግሎት ብዛት እምብዛም አይጎዳም፤ የሚያልቁት ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት)፣ ቺንጋው (ከሞተሩ ወደ ዘንጉ ኃይል የሚያስተላልፈው ቀበቶ)፣ ቢላውና ሞተሩ ሲሆኑ እነዚህ ሁሉ የሚለወጡ ወይም የሚጠገኑ ናቸው። ስለዚህ ዋናው ገንዘብ የሚከፈለው ለአካሉ መሆን አለበት፤ አዲስ ቀለም ለተቀባ አሮጌ ማሽን የሚጨመር ዋጋ ሊኖር አይገባም፤ እንዲያውም ቀለሙ በብየዳ የተያያዘ ስንጥቅ ሸፍኖ ሊሆን ስለሚችል ፍተሻውን ማጥበቅ ይገባል። ጊዛ በብየዳ በደንብ አይያያዝም፤ ጠረጴዛው ወይም ዘንጉን የሚሸከመው ክፍል የተሰነጠቀ ማሽን በመለዋወጫ ዋጋ ካልሆነ በቀር አይገዛም።

ወደ ማሽኑ ሲሄዱ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ፣ ስኳድራ (ቀጥ ያለ ማዕዘን መለኪያ)፣ ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) እና ሁለት የደረቁ የባሕር ዛፍ ጣውላዎች ይያዙ። ሻጩ አስቀድሞ ሞተሩን እንዳያስነሳ ይለምኑት፤ ሞተሩ ከቅዝቃዜው ሲነሳ የሚያሰማው ድምፅ ሞቆ ከሚያሰማው የበለጠ ይናገራል። ከመነሳቱ በፊት ግን መብራቱን አስጠፍተው፣ ቺንጋውን አውልቀው፣ ቢላውን እየተጠነቀቁ ዘንጉን በእጅ ያሽከርክሩ፤ ከዚያም ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅንቁት። የሚያንኳኳ ወይም የሚንጓጓ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። ይህ ለድርድር የሚጠቅም ጉድለት እንጂ ግዢውን የሚያስቀር አይደለም፤ ኩሽኔታ በቁጥሩ ተጠይቆ የሚገኝ ዕቃ ነው። ኩሽኔታው የሚገባበት የጊዛው ቀዳዳ ከሰፋ ግን ወጪው የቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ሥራን ስለሚጨምር ሂሳቡ ይለወጣል።

መላጊያውን ለመፈተን ከሁሉ የሚሻለው በጣውላዎቹ መሞከር ነው። የሁለቱንም ጎን ይላጉና የተላጉትን ጎኖች አጋጥመው ወደ ብርሃን ይያዙዋቸው። በመካከል ወይም በጫፍ ብርሃን የሚያልፍ ከሆነ የፊትና የኋላ ጠረጴዛዎች በአንድ መስመር ላይ አይደሉም፤ ስሕተቱ በሁለት ጣውላ ተደምሮ ስለሚታይ ለዓይን ይጎላል። ቀጥሎ አንዱን ጣውላ እንጨቱን በእኩል ውፍረት በሚልገው ክፍል፣ በውፍረት ማስተካከያው፣ ቀኝ ጫፍ፣ ሌላውን በግራ ጫፍ ያሳልፉና ውፍረታቸውን በካሊፐር ያመሳክሩ። ልዩነቱ ከቢላው አቀማመጥ ከሆነ ባለሙያ በአጭር ጊዜ ያስተካክለዋል።

ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን የመረጃ ሰሌዳ በጥንቃቄ ያንብቡ፤ ብዙ ገዢ የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። 60 ኸርዝ የሚል ሞተር በእኛ 50 ኸርዝ መብራት ከተጻፈለት ፍጥነት አንድ ስድስተኛ ያህሉን ያጣል። ሞተሩ ሦስት ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር መብራት) የሚፈልግ ሆኖ በእንጨት ቤትዎ ከሌለ ለማስገባት የሚጠየቀውን ወጪ ከማሽኑ ዋጋ ላይ ማሰብ ይገባል። በኢንቨርተር (ነጠላውን ፌዝ ወደ ሦስት ፌዝ በሚለውጥ መሣሪያ) ከነጠላ ፌዝ ለመሥራት የሚያስቡ ከሆነ ደግሞ ሰሌዳው 220/380 ቮልት ማለቱን ያረጋግጡ፤ 380/660 የሚለው ሞተር በተለመደው ባለ 220 ቮልት ኢንቨርተር ሙሉ ጉልበቱን አይሰጥም። የተቃጠለ ሽታ ያለው ሞተር ጥምጠማ (የውስጥ ሽቦውን እንደገና መጠምጠም) ያስፈልገዋልና ዋጋውን ከጠምጣሚው አስቀድመው ይጠይቁ።

የጎደሉ ዕቃዎችን አይናቁ። የመሰንጠቂያው ማስደገፊያ፣ የመጋዙ ከለላና የመብሻው ተንሸራታች ጠረጴዛ ከሌሉ ለብቻቸው ማግኘት ከሞተር ማግኘት ይከብዳል። ከለላ የሌለው መጋዝ ደግሞ ጣት የሚያሳጣ በመሆኑ የማሠሪያው ወጪ የግድ ይቀነሳል።

አሁን ሂሳቡን በወረቀት ላይ ያድርጉ። ለስሌቱ ማሳያ ብቻ አዲሱ ማሽን 600,000 ብር ነው እንበል፤ 55 በመቶው 330,000 ይሆናል። ከዚህ ላይ ለጥምጠማ 20,000፣ ለኩሽኔታና ለቺንጋ 10,000፣ ለቢላ 10,000፣ ለጎደለው ማስደገፊያ 25,000፣ ለማጓጓዣና ለመትከያ 15,000፣ በድምሩ 80,000 ሲቀነስ 250,000 ብር ይቀራል። ወረቀቱን ለሻጩ ያሳዩት፤ በየመስመሩ የሚነጋገር ሻጭ በደፈናው «ቀንስልኝ» ከተባለው ይልቅ በቀላሉ ይግባባል። ሻጩ ሞተሩን ለማስነሳት ካልፈቀደ ጥምጠማውንና ኩሽኔታውን ሁሉ እንደተበላሹ ቆጥረው ያስሉ።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን (ማሽኑ ወደ አገር ሲገባ የተሞላውን የጉምሩክ ሰነድ) ይመልከቱ። ማሽኑ በኢንቨስትመንት ማበረታቻ ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ፣ መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጥ ሊጠየቅበት ስለሚችል ቀረጡን ማን እንደሚከፍል በውሉ ላይ ይጻፍ። በውሉ ላይ የማሽኑና የሞተሩ መለያ ቁጥር ይስፈር፤ ከተቻለም የዋጋው ጥቂት ክፍል ማሽኑ በእርስዎ ቤት ተተክሎ የመጀመሪያውን ጣውላ እስኪልግ ድረስ ይቆይ።