የሁለት ቅርንጫፎችን መዝገብ መለያ ቁጥር ሳይምታታ እንዴት ማዋሐድ ይቻላል

በወሎ ሰይድ መሐመድ አሕመድ የሚባል ሰው በአንድ ቀበሌ ውስጥ ከአንድ በላይ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ በዚያ ላይ አንዱ ጸሐፊ «ሰይድ»፣ ሌላው «ሠይድ» ብሎ ስለሚጽፍ ስም እስከ አያት ቢሞላም የመዝገብ መለያ ሊሆን አይችልም። ስልክም ይቀየራል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መዝገብ ምንም ትርጉም ያልተሸከመ ቁጥር ይመደብ፤ ቁጥሩንም መዝገቦቹ የሚቀመጡበት ዳታቤዝ ራሱ ይስጥ። ከዳታቤዝ ፕሮግራሞች በማይኤስኪውኤል «አውቶ ኢንክሪመንት»፣ በፖስትግሬስ ደግሞ «አይደንቲቲ» የሚባለው ለዚሁ የተሠራ ነው። ሥራ ላይ ባለ ዳታቤዝ የመጨረሻውን ቁጥር አይቶ አንድ መደመርን አልመክርም፤ ሁለት ጸሐፊዎች በአንድ ቅጽበት ሲመዘግቡ ሁለቱም ያንኑ ቁጥር ይዘው ይመጣሉ። ሳይጠናቀቅ የተቋረጠ ምዝገባ በቁጥሮቹ መካከል ክፍተት ይተዋል፤ ሒሳብ ሠራተኞች ቢያጉረመርሙም አይድፈኑት።

እኔን የጎዳኝ ውሕደቱ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ቅርንጫፍ የነበሩትን የአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር መዝገቦች ሳዋሕድ ሁለቱም ከ1 ጀምረው የተቆጠሩ ስለነበሩ ለኮምቦልቻ አባላት አዲስ ቁጥር ሰጠሁ፤ የብድር ሰንጠረዡን ግን ከነአሮጌው የአባል ቁጥር አስገባሁት። የኮምቦልቻው አባል 214 ብድር በደሴው አባል 214 ላይ አረፈ። በብድሩ ላይ ያለውን የአባል ቁጥር ከአባላት ሰንጠረዥ ጋር የሚያያይዘው «ፎሪን ኪይ» ስላለ ስህተት ቢኖር ይነግረኛል ብዬ ነበር፤ እርሱ ግን የሚያጣራው ቁጥሩ መኖሩን እንጂ የማን መሆኑን አይደለም። ነገሩ የታወቀው አንዲት እናት ያልተበደሩትን እንዲከፍሉ ተጠርተው ሲመጡ ነው።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ምዝገባውን በሁለቱም ቅርንጫፎች አስቁሜ ባክአፕ እወስዳለሁ። የኮምቦልቻን ሰንጠረዦች ሳልነካካ በጊዜያዊ ሰንጠረዥ አስቀምጬ፣ ቅርንጫፉን፣ አሮጌውን ቁጥርና ከደሴው የመጨረሻ ቁጥር ቀጥሎ የሚጀምረውን አዲስ ቁጥር ጎን ለጎን የያዘ የማመሳከሪያ ሰንጠረዥ አዘጋጃለሁ። አባላቱም ብድሮቹም የአባል ቁጥራቸውን ከዚያው እየወሰዱ በአንድ ትራንዛክሽን፣ ማለትም ወይ ሁሉም ወይ ምንም በሚገባበት መንገድ፣ ይገባሉ፤ የብድር መለያዎቹም በራሳቸው ማመሳከሪያ እንዲሁ ይቀየራሉ። ከዚያ የእያንዳንዱ ቅርንጫፍ የብድር ድምር ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ አባል ዕዳ ከቀድሞው ጋር መግጠሙን አያለሁ፤ ጠቅላላ ድምሩማ በእኔም ስህተት ጊዜ ትክክል ነበር። የአባላቱ የቁጠባ ደብተር አሮጌውን ቁጥር ስለያዘ ማመሳከሪያው አይሰረዝም።

በፖስትግሬስ ቁጥር በእጅ ሲገባ ቀጣዩን ቁጥር የሚሰጠው ቆጣሪ አብሮ አይንቀሳቀስም፤ ምዝገባ ከመከፈቱ በፊት «ሴትቫል» በሚለው ትእዛዝ እስከ መጨረሻው ቁጥር ያድርሱት፤ አለዚያ ቀጣዩ አባል ሲመዘገብ ቁጥሩ ተይዟል የሚል ስህተት ይመጣል።