በበጎ ፈቃድ የሚሠራ ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት እንዴት ይያዛል? ቁልፉን ብቻችሁን አትያዙ

የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጁን ወደ ኢትዮጵያ የሚቀይር ትንሽ የፓይተን ላይብረሪ (ሌላ ፕሮግራም ውስጥ የሚገባ ዝግጁ ኮድ) አለን። "አለን" የምለው ዛሬ አራት ሆነን ስለምንይዘው ነው። ስጀምረው ብቻዬን ነበርኩ፤ ፒያሳ ከምኖርበት ቤት፣ ከሥራ መልስ፣ ማታ ማታ መብራት ሲኖር የጻፍኩት ነው። ማንም አይከፍለንም። ኮዱ ክፍት ነው፤ የፈለገ ይወስደዋል፣ ያሻሽለዋል፣ በራሱ ሶፍትዌር ውስጥ ያስገባዋል። በነዚህ ዓመታት ብዙ ተሳስቻለሁ፤ አንዱ ስህተቴ የማላውቃቸውን ሰዎች አጉላልቷል። እንዲህ ያለ ነገር ልትጀምሩ ካሰባችሁ፣ ወይም ጀምራችሁ ከደከማችሁ፣ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

1. ምን እንደማይሠራ ጻፉ

ሪድሚ በሚባለው የመግለጫ ፋይል ላይ ፕሮጀክቱ የሚሠራውን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የማይሠራውን ደግሞ በሌላ አስቀምጡ። የእኛ እንዲህ ይላል፦ "ቀን ይቀይራል። በዓልና ጾም አያወጣም።" ዐቢይ ጾም ሲቃረብ በየዓመቱ ባሕረ ሐሳብ ይጨመርበት የሚል ሰው ይመጣል። ሐሳቡ መልካም ነው፣ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው። ይህ መስመር ከመጻፉ በፊት ለእያንዳንዱ ጠያቂ ረጅም ማብራሪያ እጽፍ ነበር። አሁን መስመሩን አሳይቼ፣ ሌላ ፕሮጀክት ከከፈቱ እንደምንተባበር እነግራቸዋለሁ። ሪድሚውን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፉት። ተጠቃሚዎቻችን አብዛኞቹ እዚሁ ናቸው።

2. ፈቃድ አስገቡ

ፈቃድ የሌለው ኮድ ጊትሀብ (ኮድ የሚቀመጥበትና በጋራ የሚሠራበት ድረ ገጽ) ላይ ስለተቀመጠ ብቻ ክፍት አይሆንም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት አንድ ሥራ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ጥበቃ አለው፣ መመዝገብ እንኳ አያስፈልገውም። ስለዚህ ፈቃዱን ካልሰጣችሁ ሰው ኮዱን መውሰድ አይችልም። ለትንሽ ላይብረሪ ኤምአይቲ የሚባለውን ዝግጁ ፈቃድ እመርጣለሁ፤ ስሜንና የፈቃዱን ጽሑፍ ይዛችሁ እንደፈለጋችሁ ተጠቀሙ ነው የሚለው። ሙሉ ሶፍትዌር ከሆነና ሰው አሻሽሎ ሲያሠራጭ ኮዱን እንዲከፍት ከፈለጋችሁ ጂፒኤል ይሻላል። የራሳችሁን ፈቃድ ግን አትጻፉ። የሕግ ሰው አይደለንም።

3. ሌላ ሰው ሲጭነው ቁጭ ብላችሁ እዩ

አንድ ቀን አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት፣ አጠገቤ ለተቀመጠ ተማሪ ሪድሚውን አሳይቼ "እስቲ ጫነው" አልኩት። እኔ ዝም ለማለት ወስኜ ነበር። ሦስተኛው ትእዛዝ ላይ ቆመ። ስህተቱን ሁለቴ አነበበው፣ ትእዛዙን ደግሞ ጻፈው፣ ያው ነው። ወደ እኔ ዞሮ በሹክሹክታ "ይቅርታ፣ እኔ ብዙም ጎበዝ አይደለሁም" አለኝ። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። "መጀመሪያ ወደ ፎልደሩ ግቡ" የሚለውን አንድ መስመር ሳልጽፍ ነው ለዓመት ያህል የቆየሁት። ከእሱ በፊት ስንቱ "እኔ ጎበዝ አይደለሁም" ብሎ ዘግቶት እንደሄደ ሳስብ አሁንም ያመኛል። ይህን እርምጃ አትዝለሉት። ሰው ፈልጉ፣ አጠገቡ ተቀመጡ፣ አፋችሁን ያዙ።

እዚያው እያላችሁ ሪፖው (የፕሮጀክቱ የኮድ ማኅደር) ምን ያህል ሜጋባይት እንደሚያወርድ ተመልከቱ። የሞባይል ጥቅል ገዝቶ የሚሠራ ሰው ስንት ሥዕልና ቪዲዮ አብሮ እንደሚያወርድበት አታውቁም። ትልልቅ ፋይሎችን አውጡ፤ ኮዱን ለማየት ብቻ ለሚፈልግ ደግሞ የመጨረሻውን ኮሚት (የኮዱን የቅርብ ጊዜ ሁኔታ) ብቻ የሚያወርደውን፣ ጊት የሚባለውን የለውጥ መመዝገቢያ የክሎን ትእዛዝ ጻፉለት።

4. ውሳኔ ቴሌግራም ላይ አይቅር

ለሰላምታና ለቀጠሮ ቴሌግራም ጥሩ ነው። እኛም ግሩፕ አለን። ነገር ግን "ይህን ለምን እንዲህ አደረግነው?" የሚለው መልስ ከስድስት ወር በኋላ ከመልካም በዓል ስቲከሮች ሥር አይገኝም። ግሩፑ ላይ የተስማማችሁበትን ሁሉ አንዳችሁ በዚያው ቀን ኢሹው (ጊትሀብ ላይ ጉዳዩ የተከፈተበት ገጽ) ሥር ጻፉት። ሁለት መስመር ይበቃል።

5. ኮድ ይዞ ለመጣ ሰው ቶሎ መልሱ

የመጀመሪያ ፑል ሪኩዌስቱን (ለውጤ ይግባልኝ የሚል ጥያቄውን) የሚልክ ሰው ፈርቶ ነው የሚልከው። እኔ አንዴ ለአንድ ተማሪ "አይሆንም" የሚል አንድ ቃል ጽፌ ዘጋሁበት። ቸኩዬ ነበር። ልጁ አልተመለሰም። የላከውን ቆይቼ ሳነበው ግማሹ ትክክል ነበር።

አሁን በሁለት ቀን ውስጥ መልስ እንሰጣለን፤ ለማየት ጊዜ ከሌለን እንኳ "ደርሶናል፣ ቅዳሜ እናየዋለን" እንላለን። ኮዱን የማንቀበለው ከሆነ ምክንያቱን እንጽፋለን። ክፍተትና ኮማ ላይ ከሰው ጋር አትከራከሩ፤ እሱን ራፍ ለሚባለው ፕሮግራም ስጡት፣ ኮዱን ራሱ ያስተካክለዋል። አሁን አሁን ደግሞ ላኪው ራሱ ሳያነበው የሚመጣ በኤአይ የተጻፈ ኮድ በዝቷል። እኛ አንከለክልም። "ይህ መስመር ምን ያደርጋል?" ብለን እንጠይቃለን፣ ቴስት (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ሌላ ኮድ) አብሮ እንዲመጣም እንፈልጋለን። መመለስ ያልቻለበትን ኮድ አናስገባም።

6. ቁልፉን አካፍሉ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ብዙ የከፈልኩበት ስለሆነ።

ጳጉሜ አብዛኛውን ጊዜ 5 ቀን ናት፣ በአራት ዓመት አንዴ 6 ትሆናለች። ስድስተኛዋ የምትመጣው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ማለት ነው። በእኛ ላይብረሪ ቀኑን የሚቀይረው ክፍል ይህን በትክክል ያሰላ ነበር። አንድ ቀን በካላንደር መኖር አለመኖሩን የሚፈትሸው ክፍል ግን 3 ሳይሆን 0 ነበር የሚጠብቀው። ስድስተኛዋን ጳጉሜ ለዘመነ ዮሐንስ ሰጥቻት ነበር ማለት ነው። ዘመነ ወንጌላውያንን የሚቆጥር ማንም ሽማግሌ በአንድ እይታ ይይዘኝ ነበር። ቴስት ግን አልጻፍኩለትም።

ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ጠዋት አንድ ክሊኒክ ላይብረሪያችንን የሚጠቀመው የቀጠሮ ሶፍትዌሩ "እንዲህ ያለ ቀን የለም" እያለ አልከፍት አለው። ከ3 ሰዓት በፊት ሁለት አብረውኝ የሚሠሩ ልጆች ስህተቱን አገኙት። ማስተካከያው 0ን ወደ 3 መቀየር ነበር፤ አንድ ቁጥር። ግን መርጅ የማድረግ (ለውጡን ወደ ዋናው ኮድ የማስገባት) መብት የነበረኝ እኔ ብቻ ነኝ። ሰው የፓይተን ላይብረሪዎችን ከሚያወርድበት ከፓይፒአይ ላይ አዲስ ቨርዥን ማውጣት የምችለውም እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ደግሞ አጎቴ አርፎ ኔትወርክ የሌለበት ገጠር ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ስልኬ መሥራት የጀመረው መስከረም 2 ነው። እስከዚያ ጳጉሜ 6 አልፋለች፣ ክሊኒኩም ቀኑን ሙሉ በወረቀት ሲጽፍ ውሏል። አንዲት እናት ልጃቸውን አዝለው እስከ ቀትር እንደጠበቁ ኋላ ነገሩኝ። ልጆቹ አልወቀሱኝም። እንዲያውም ስለ ሐዘኔ ነበር የጠየቁኝ።

የሚያሳዝነው ይህን ትምህርት ከልጅነቴ ጀምሮ እያየሁት ማደጌ ነው። የእናቴ ሰፈር እድር ዕቃ ቤት አለው፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ትልልቁ ድስት እዚያ ነው። ቁልፉ ሁለት ሰው ጋ ይቀመጣል። አንዱ ክፍለ አገር ቢሄድ ሐዘን የገባበት ቤት ድንኳን አጥቶ አያድርም። ከባንክ ገንዘብ ሲወጣም በአንድ ሰው ፊርማ አይወጣም። ሁለቱን አንድ ላይ ያዙ፦ ቁልፉ ከአንድ ሰው በላይ ጋ ይሁን፣ አንድ ሰው ግን ብቻውን የፈለገውን አያድርግ።

ሁለተኛው ክፍል ለምን አስፈለገ? በመጋቢት 2016፣ በፈረንጆቹ ማርች 2024፣ በኤክስዚ ላይ የደረሰውን አስታውሱ። ኤክስዚ ብዙ ሊኑክስ ሲስተሞች ውስጥ የሚገኝ ፋይል መጭመቂያ ነው፤ ለዓመታት አንድ በጎ ፈቃደኛ ነበር የሚይዘው። ሰውየው ደክሞት ነበር። ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ አካል መጥቶ ለረጅም ጊዜ ደህና ኮድ እየላከ አመኔታ አተረፈ፤ ሌሎች አካውንቶች ደግሞ "ሥራው ዘገየ፣ ለሌላ ሰው ስጥ" እያሉ ወተወቱ። በመጨረሻ መብቱን አገኘ። ከዚያ 5.6.0 እና 5.6.1 ቨርዥኖች ውስጥ የጓሮ በር (ሰው ሳያውቅ ወደ ሲስተሙ የሚያስገባ ኮድ) ደበቀ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ኢንጂነር በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ኮምፒውተር መግቢያ) መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየብኝ ብሎ ባይመረምር ኖሮ በብዙ ሰርቨሮች ላይ ይሠራጭ ነበር። ስለዚህ ደክሟችሁ ሳለ፣ በተለይ ሰው እየጎተጎታችሁ፣ ቁልፍ አትስጡ። ሳይደክማችሁ ቀድማችሁ ስጡ።

እኛ እንዲህ አደረግነው። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ቁልፎቹን ሁሉ ዘረዘርን፦ ጊትሀብ፣ ፓይፒአይ፣ የፕሮጀክቱ ኢሜይል፣ የዶሜኑ ክፍያ። ሁሉም በእኔ ስም ነበሩ። ሪፖውን ከግል አካውንቴ ወደ ኦርጋናይዜሽን አዛወርነው፤ ይህ በነጻ ነው፣ አሮጌው አድራሻም ወደ አዲሱ ይመራል። ቀጥሎ መብት በደረጃ ሰጠን። አዲስ ሰው መጀመሪያ ኢሹዎችን ይለያል፣ ይመልሳል። ቆይቶ የሌላ ሰው ኮድ ይገመግማል። ከዚያ መርጅ ያደርጋል። ሪሊዝ (አዲስ ቨርዥን) ማውጣት የመጨረሻው ነው። ዋናው ብራንች (የኮዱ ዋና ቅጂ) ተቆልፏል፤ የእኔን ጨምሮ ማንኛውም ለውጥ አንድ ሌላ ሰው ሳያጸድቀው አይገባም። ፒያሳና አራት ኪሎ ላይ ለምንገኝ ሰዎች ደግሞ አንድ ትልቅ ዕድል አለን፤ ተገናኝተን ቡና መጠጣት እንችላለን። መርጅ የሚያደርጉትን ሁሉ በአካል አውቃቸዋለሁ። ሩቅ ያለ ሰው ከሆነ ጊዜ ስጡት፣ የሚልከውን ሁሉ አንብቡ።

ፓስወርድ አትካፈሉ። እያንዳንዱ ሰው በራሱ አካውንት ባለቤት ይሁን። ከፈረንጆቹ 2024 መጀመሪያ አንስቶ ፓይፒአይ ያለ ሁለተኛ ማረጋገጫ አያሠራም፤ ስልካችሁ ቢሰረቅ የሚያስገባችሁ የማስመለሻ ኮዱ ብቻ ሊሆን ይችላል። እሱን በወረቀት አስቀምጡ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ አይሁን።

ከዚያ ተለማመዱት። እኔ ስልኬን ለሳምንት ዘግቼ እነሱ አንድ ትንሽ ቨርዥን እንዲያወጡ ተስማማን። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። አንዱ ልጅ የማስመለሻ ኮዱን በእጁ ገልብጦት ኖሮ አንዷ ምልክት 6 ትሁን ቢ አልለይ አለችው። አራት ጊዜ ሞክሮ ተወው። አሁን አትመን ነው የምናስቀምጠው። ሁለተኛው ሙከራ ግን ሠራ።

7. ቴስትና ሪሊዝ

ለእያንዳንዱ የታረመ ስህተት አንድ ቴስት ይጻፍ። ቴስቶቹ ኮድ በተላከ ቁጥር ራሳቸው እንዲሮጡ አድርጉ። የቨርዥን ቁጥሩ ባለ ሦስት ክፍል ይሁን፤ አሮጌ ኮድ የሚሰብር ለውጥ ሲመጣ የመጀመሪያው ቁጥር ይጨምራል። ዓርብ ማታ ሪሊዝ አታውጡ፣ የበዓል ዋዜማም እንዲሁ።

ኢንተርኔት ሲጠፋ አትደንግጡ። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ ኮዳችን አልጠፋም፤ ጊት ሙሉውን ታሪክ በእያንዳንዳችን ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጣል። ጊት ባንድል የሚባል ትእዛዝ አለ፣ ሪፖውን አንድ ፋይል ያደርገዋል። በፍላሽ ይዛችሁ ጓደኛችሁ ቤት ሂዱ፣ ሥራው ይቀጥላል።

8. ማረፍ፣ መልቀቅ

ስትደክሙ ሪድሚው አናት ላይ ጻፉት፦ "እስከ ጥር አልገኝም፤ እነ እገሌ አሉ።" ሰው ይረዳል። ዝም ብላችሁ ስትጠፉ ነው የሚከፋው። የሚረከብ ሰው ፈልጋችሁ ካጣችሁ ደግሞ ጊትሀብ ላይ አርካይቭ የሚል አማራጭ አለ፤ ኮዱ ይነበባል፣ ይገለበጣል፣ ግን ማንም አዲስ ነገር አይልክበትም። አርካይቭ ከማድረጋችሁ በፊት ምን ዓይነት ስህተት ሳይታረም እንደቀረ ዘርዝራችሁ ጻፉ፣ ሌላ ተመሳሳይ ፕሮጀክት ካለም ሊንኩን አስቀምጡ።

የሚቀጥለው ጳጉሜ 6 በ2019 ነው። ቴስቱ ተጽፏል፤ ፓይፒአይ ላይ ሪሊዝ ማውጣት የምንችለውም አሁን ሦስት ነን።