ረጅም የጀርመንኛ ቃል ሲገጥማችሁ ከኋላ ጀምሩ

ኬሚስትሪን በጀርመንኛ ለምትማሩ፦ የተጣመረ ቃል ሲገጥማችሁ ከመጨረሻው ክፍል ጀምራችሁ ፍቱት። ዋናው ትርጉም እዚያ ነው፤ የስሙ ጾታም የሚወሰነው በእሱ ነው። «ሽቶፍ» ቁስ ማለት ነው። «ቫሰር» ውሃ ስለሆነ «ቫሰርሽቶፍ» «የውሃ ቁስ»፣ ማለትም ሃይድሮጅን ነው። «ሽቲክሽቶፍ» ደግሞ ናይትሮጅን። «ሽቲክ» የመጣው ከመታፈን ነው፤ በንጹሕ ናይትሮጅን ውስጥ እሳት ይጠፋል፣ እንስሳም ይታፈናል።

እኔ በጣም የምወደው «ዛወርሽቶፍ»ን ነው፣ ኦክስጅንን። «ዛወር» ጎምዛዛ ማለት ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቯዚዬ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አሲድ ሁሉ ኦክስጅን አለበት ብሎ ያምን ነበር፤ ስሙም የወጣው በዚሁ እምነት ነው። በኋላ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ኦክስጅን እንደሌለው ታወቀ። ስሙ ግን እስከ ዛሬ አልተቀየረም።